ቃሉን ከነጓዙ፦ የላቀ እንግሊዝኛ ለአማርኛ ተናጋሪ

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለተርጓሚዎች የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ሁላችንም የምናውቀው አንድ ደብተር አለ። ገጹ መሐል ለመሐል ተሰምሯል፤ በግራ የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኝ የአማርኛ ፍች። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ደብተር ሳይሞላ አልቀረም። ደብተሩ የሚጠቅመው ግን እስከ ተወሰነ ደረጃ ብቻ ነው። ሦስትና አራት ሺህ ቃል የያዘ ሰው የመመረቂያ ጽሑፉን ሲጽፍ፣ ለስኮላርሺፕ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ወይም ሪፖርት ሲተረጉም ቃሉ አፉ ላይ ይመጣና ቦታው ላይ አልቀመጥ ይላል። ፍቺውን ያውቀዋል፤ ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ የቱ ክፍሉ ጎልቶ እንደሚነገር ግን አያውቅም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ጓዝ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ በሳምንት መቶ ቃል ከነፍቺው ከመሸምደድ ሃያ አምስቱን ከነጓዛቸው መያዝ ይበልጣል።

አንድ ማሳሰቢያ። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በድምፃቸው በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ ክፍለ ቃላትን በጭረት እለያለሁ። ግዕዝ ሆሄያቱን (ለ፣ መ፣ ተ) አማርኛ እንደሚያነባቸው አንብቧቸው። ይህ ኋላ ላይ በጣም ይጠቅመናል።

የትኛውን ቃል እንምረጥ?

በቃላት ጥናት ስመ ጥር የሆነው የኒውዚላንዱ ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ስሌት እንደሚያሳየው፣ ልብ ወለድ ወይም ጋዜጣ ያለ ረዳት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ ያስፈልጋል። የቃል ቤተሰብ ማለት አንድ ቃል ከነዝርያዎቹ ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ቃላት ግን እኩል አይደሉም። ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 የዘረዘራቸው 2,000 ያህል መሠረታዊ ቃላት ከምናነበው ጽሑፍ ውስጥ ከመቶው ቃል ከ75 በላይ የሚሆነውን ይሸፍናሉ። በዚያ ላይ አቨሪል ኮክስሄድ በዌሊንግተን ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ሆና እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር አለ። ዝርዝሩ 570 የቃል ቤተሰብ ብቻ ነው፤ ግን 3.5 ሚሊዮን ያህል ቃላት ካሉት የትምህርት ጽሑፍ ክምችት ተነጥሮ የወጣ ስለሆነ ከማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። የሕግም የባዮሎጂም የአካውንቲንግም ተማሪ ሁሉ ይገናኘዋል። በሳምንት 25 ቢጠና በ23 ሳምንት ያልቃል።

ስለዚህ «የላቀ ቃል» ሲባል ማንም የማያውቀውን ብርቅ ቃል መፈለግ አይደለም። መጀመሪያ እነዚህ 570ዎቹ፤ ቀጥሎ በራሳችሁ ሙያ ንባብ ውስጥ ሁለት ጊዜ ያጋጠማችሁ ቃል። አንዴ ብቻ ያያችሁትን እለፉት። አስፈላጊ ከሆነ ተመልሶ ይመጣል።

አንድ ቃል እስከ ጥጉ

«ሚቲጌት» የሚለውን ግስ እንውሰድ። በእርዳታ ድርጅት ሪፖርት፣ በአየር ንብረት ጥናት፣ በፍርድ ቤት ጽሑፍ ሳይቀር ይገኛል። የደብተራችን ቀኝ ዓምድ «መቀነስ» ይላል። ውሸት አይደለም፤ ግን በዚያ ፍች ብቻ የተመራ ሰው የዋጋ ቅናሽንም የክብደት መቀነስንም በዚሁ ቃል ይጽፋል፤ ሁለቱም ስህተት ነው። «ሚቲጌት» የሚደረገው ክፉ ነገር ብቻ ነው፤ ያም ይረግባል፣ ይቃለላል እንጂ አይጠፋም። አብረውት የሚሄዱት ስሞች ጥቂት ናቸው፦ ስጋት፣ ጉዳት፣ ተጽዕኖ፣ መዘዝ። ድርቅ ራሱ አይደለም «ሚቲጌት» የሚደረገው፤ ድርቅ የሚያስከትለው ጉዳት ነው።

መስተዋድድ አይፈልግም፤ በቀጥታ ተሳቢውን ይይዛል። «ሚቲጌት ኧጌንስት» የሚል አጻጻፍ ብታዩ፣ ጸሐፊው «ሚሊቴት ኧጌንስት» ከሚለው ሌላ ግስ ጋር አምታቶት ነው። ያኛው «እንቅፋት ሆነ» ማለት ነው። እንግሊዞቹም ይህን ይሳሳቱታል።

ጫናው፣ ማለትም ጎልቶ የሚነገረው፣ መጀመሪያው ክፍል ላይ ነው፦ ሚ-ቲ-ጌት። ስም ሲሆን «ሚቲጌሽን» ይባልና ጫናው ወደ ሦስተኛው፣ ወደ «ጌ» ይሻገራል። ቅጽሉ በሕግ ሰዎች ዘንድ «ሚቲጌቲንግ ሰርከምስታንስስ» ተብሎ ይገኛል፤ በእኛ ሕግ «የቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች» የምንለው ነው። ተቃራኒ ቅድመ ግንድ ጨምሮ «አንሚቲጌትድ ዲዛስተር» ሲባል ደግሞ ምንም የሚያቃልለው ነገር የሌለው ፍጹም ውድቀት ማለት ነው፤ ይህ አባባል ረግቶ የቆመ ስለሆነ እንዳለ ይያዛል። ሥሩ «ለስላሳ» የሚል ፍች ያለው የላቲን ቃል ነው።

ይህን ሁሉ ለአንድ ቃል? አዎ። ጊዜ ይፈጃል፤ ግን አራት ቃል አብሮ ይመጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ፊት የሚያሳፍር ስህተት ይቀራል።

ቃል ከማን ጋር ይውላል?

አማርኛ ራሱ ለዚህ ጥሩ መምህር ነው። «መጣል» የሚለውን ግስ አስቡ። ቅጣት ይጣላል፤ እምነት ይጣላል፤ መሠረት ይጣላል፤ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፤ ቆሻሻም ይጣላል። ይህን ለእንግሊዝኛ ተማሪ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚከብድ ገምቱ! እንግሊዝኛው በተራው ለየጎረቤቱ የተለየ ግስ አለው፦ ቅጣትን «ኢምፖዝ»፣ እምነትን «ፕሌስ»፣ መሠረትንም እንቁላልንም «ሌይ»፣ ቆሻሻን «ደምፕ»። ከአማርኛው ግስ ተነስቶ እየተረጎመ የሚጽፍ ሰው አንዱን ቢያገኝ ሌላው ያመልጠዋል።

አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ ቋንቋዎች ይገጥማሉ። ጥያቄ ማንሳት፣ እርምጃ መውሰድ፣ ሚና መጫወት፣ ከባድ ዝናብ፤ እነዚህ ቃል በቃል ቢሄዱ ያደርሳሉ። አታላዩም ነገር ይሄ ነው፤ አምስቱ ሲገጥሙ ስድስተኛውም የሚገጥም ይመስላል። «ትኩረት መስጠት» ስንል እንግሊዝኛው ትኩረትን አይሰጥም፤ «ፔይ» በሚለው ግስ ይከፍለዋል። ቃል እንገባለን፤ እነሱ «ሜክ» ያደርጉታል። ስለዚህ አዲስ ስም ስታጠኑ ግሱን፣ አዲስ ግስ ስታጠኑ ተሳቢውን፣ አዲስ ቅጽል ስታጠኑ የሚገልጸውን ስም አብራችሁ ጻፉ። ብቻውን የተጻፈ ቃል ግማሽ ቃል ነው።

የመስተዋድድ ስህተት የአማርኛ ተናጋሪ መለያ እስኪመስል ድረስ የተለመደ ነው፤ አንድ ሕግ ብዙውን ያቃናል። እኛ «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» እንላለን፤ «በጉዳዩ ላይ አጽንኦት ሰጠ» እንላለን። በዚህ የተነሳ «ዲስከስ ኧባውት»፣ «ኤምፈሳይዝ ኦን» ብለን እንጽፋለን። ሁለቱም ግሶች ተሳቢያቸውን በቀጥታ ይይዛሉ። ወደ ስም ሲለወጡ ግን መስተዋድዱ ይመለሳል፦ «ዲስከሽን ኧባውት»፣ «ኤምፈሲስ ኦን»። «ሪኩዌስት» እና «ላክ»ም እንዲሁ ናቸው፤ ስም ሲሆኑ የመጀመሪያው «ፎር»፣ ሁለተኛው «ኦቭ» ያስከትላል፤ ግስ ሲሆኑ ምንም። «ኮንታክት» የተባለው ግስ ደግሞ ከኛ «ጋር» ጋር እየተጎተተ «ዊዝ» ይጨመርበታል፤ አያስፈልገውም።

ሌላው በብዛት የሚታየው ብዙ ቁጥር ነው። መረጃዎች፣ ምክሮች፣ ማስረጃዎች፣ መሣሪያዎች፣ ጥናቶች በአማርኛ ያለ ችግር ይባላሉ። «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ኤቪደንስ»፣ «ኢክዊፕመንት» ግን በእንግሊዝኛ አይቆጠሩም፤ መጨረሻቸው ላይ የብዙ ቁጥር ምልክት አይገባም። ቁጥር ካስፈለገ «ኧ ፒስ ኦቭ» የሚል ይቀድማቸዋል። «ሪሰርች»ም ከነዚሁ ይመደባል፤ ብዙ ጥናቶች ማለት ከተፈለገ «ስተዲስ» የሚለውን መውሰድ ነው። መዝገበ ቃላት ውስጥ ይህን የምታዩት ከቃሉ አጠገብ «አይቆጠርም» በሚል ምልክት ነው፤ ለተማሪ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የሎንግማን የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹን በ2,000 ያህል ቀላል ቃላት ስለሚጽፍ ፍቺውን ለመረዳት ሌላ መዝገበ ቃላት አያስገልጥም። ከአማርኛ በኩል ደግሞ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ ስለሚተረጉም እስካሁን ወደር ያለው አይመስለኝም።

ክብደትና ስሜት

«ታዋቂ» ብለን የምንተረጉማቸው ሁለት ቃላት አሉ፦ «ፌመስ» እና «ኖቶሪየስ»። ሁለተኛው በክፉ ሥራው የታወቀ ነው፤ ወንበዴ እንጂ ሐኪም በዚህ አይጠራም። በምስጋና ደብዳቤ ላይ አስተማሪን «ኖቶሪየስ» ማለት ስድብ ነው። ሌሎች ቃላት ደግሞ በመልክ ተመሳስለው በትርጉም ይራራቃሉ። «ኮንሲደረብል» ከፍተኛ መጠንን ይገልጻል፤ «ኮንሲደረት» ለሰው የሚያስብ ሰውን። «ኢንቫልዩዌብል» ቅድመ ግንዱ አሉታዊ ቢመስልም «ዋጋ ቢስ» ማለት አይደለም፤ ዋጋው የማይተመን ማለት ነው።

ክብደቱን በተመለከተ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ እያለ ያደገ ሰው የቋንቋን ማዕረግ ማንም ሊያስተምረው አይገባም። «ስታርት» እና «ከሜንስ» ፍቺያቸው አንድ ነው፤ ሁለተኛው ግን የአዋጅና የምረቃ ሥነ ሥርዓት ቃል ነው። ለጓደኛ በሚላክ መልእክት ላይ ሲገባ ቤት ውስጥ ካባ እንደ መልበስ ይሆናል። አይኤልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የሚወስዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጎዱት በዚህ ነው። በጽሑፉም በንግግሩም ክፍል የቃላት አጠቃቀም ከአራቱ እኩል መመዘኛዎች አንዱ ነው፤ የባንድ 7 መግለጫ እምብዛም ያልተለመዱ ቃላትን ይጠይቃል፤ ግን ስልትን ካጤነና የቃላትን ጉርብትና ካወቀ አጠቃቀም ጋር። ያለ ቦታው የተሰካ ብርቅ ቃል ነጥብ አያስገኝም።

ጫና፣ ደካማ አናባቢና ፊደላችን

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። የአማርኛ ተናጋሪ የተማረውን ቃል ሲናገር የማይሰማበት፣ ሲነገረውም የማያውቀው ብዙውን ጊዜ በጫና ምክንያት ነው። ጫና ስል ከክፍለ ቃላቱ አንዱን ጎላ፣ ረዘምና ከፍ አድርጎ መናገርን ነው። አማርኛ ክፍለ ቃላቱን በአብዛኛው እኩል ያካሂዳል፤ እንግሊዝኛ አንዱን ያነሳና ሌሎቹን ይውጣቸዋል። የሚውጣቸው ደግሞ ወደ አንድ ደካማ ድምፅ በመለወጥ ነው። ያ ድምፅ ከኛ «ኧ» ጋር በጣም ይቀራረባል። ስፓኒሽ ወይም ጃፓንኛ ተናጋሪ ከዜሮ የሚማረውን ድምፅ እኛ ግዕዝ ሆሄ በሚባለው ዓምድ ላይ ተጽፎ አግኝተነዋል። ታዲያ ለምን እንሳሳታለን? የእንግሊዝኛውን ፊደል እያየን ስለምናነብ ነው። የመጀመሪያውን የላቲን ፊደል ባየን ቁጥር «ኣ» ወይም «ኤ»፣ አምስተኛውን አናባቢያቸውን ባየን ቁጥር «ኡ» እንላለን።

ምሳሌ። የፎቶ ሥራ ሦስት ቃላት፦ ሥዕሉ «ፎ-ተ-ግራፍ»፣ ጫናው አንደኛው ላይ። ባለሙያው «ፈ-ቶ-ግረ-ፈር»፣ ጫናው ሁለተኛው ላይ። ቅጽሉ «ፎ-ተ-ግራ-ፊክ»፣ ጫናው ሦስተኛው ላይ። ጫናው ሲሄድ «ፎ» ወደ «ፈ»፣ «ቶ» ወደ «ተ» እንደሚወርድ አስተውሉ። «ኢ-ኮ-ነ-ሚ» እና «ኤ-ከ-ኖ-ሚክ»ም፣ «ደ-ሞ-ክረ-ሲ» እና «ዴ-መ-ክራ-ቲክ»ም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ።

ሕጉ ይህ ነው። ቃሉ በ«ሽን»፣ በ«ኢክ»፣ በ«ኢቲ»፣ በ«ኢያል» ወይም በ«ኢየስ» ድምፅ ካለቀ ጫናው ከዚያ ቅጥያ ቀድሞ ባለው ክፍል ላይ ያርፋል። በሺዎች የሚቆጠሩ የትምህርትና የቢሮ ቃላት በዚህ አንድ ሕግ ይፈታሉ። ያፈነገጡ አሉ፤ «ፖሊቲክስ»፣ «አረቢክ»፣ «ቴሌቪዥን» ሦስቱም መጀመሪያቸው ላይ ይጫናሉ። በ«ኤት» የሚያልቁ ረዘም ያሉ ግሶች ደግሞ ከመጨረሻ ሲቆጠር ሦስተኛው ላይ ይጫናሉ፦ «ፈ-ሲ-ለ-ቴት» ሲባል «ሲ» ላይ።

እነዚሁ በ«ኤት» የሚያልቁ ቃላት ሌላ ጠባይ አላቸው። አጻጻፋቸው አንድ ሆኖ ግስ ሲሆኑ በ«ኤት» ያልቃሉ፤ ስም ወይም ቅጽል ሲሆኑ ወደ «ኧት» ይደክማሉ። «መገመት» የሚለው ግስ «ኤስቲሜት» ነው፤ «ግምት» የሚለው ስም «ኤስቲመት»። «መለየት» «ሴፐሬት»፣ «የተለየ» «ሴፕረት»። «ክላይሜት» ብለን የለመድነውም ቃል ትክክሉ «ክላይመት» ነው። በዚሁ እግረ መንገድ፦ «ዲተርማይን» ሳይሆን «ዲ-ተር-ምን»፣ «ፐርቼዝ» ሳይሆን «ፐር-ቸስ»፣ «ዴቨሎፕ» ብሎ መጀመሪያው ላይ መጫን ሳይሆን «ዲ-ቬ-ለፕ» ብሎ ሁለተኛው ላይ።

መጥበቅና መላላት የአማርኛ ሀብት ነው፤ «አለ» ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ ኖረ ይሆናል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ሁለት ተከታታይ ተመሳሳይ ፊደል ስናይ አናጠብቅ ማለት ይከብደናል። በእንግሊዝኛ በአንድ ነጠላ ቃል ውስጥ የተደገመ ፊደል ድምፁን አያጠብቅም። «ማስተናገድ» የሚለው «ኧ-ኮ-መ-ዴት» ሁለት ጥንድ ፊደላት ተሸክሞ «ኮ»ውም «መ»ውም ላልተው ይነበባሉ።

የተናባቢ ክምር ሌላው ነው። «ጥንካሬ» የሚለው «ስትሬንግዝ» በእንግሊዝኛ አንድ ክፍለ ቃል ነው። አማርኛ ግን ክምሩን ለመበተን መነሻውና መሐሉ ላይ «እ» ይሰካል፤ ፊደላችን በሳድስ ስለሚጽፈው ሳናውቀው ነው የምንሰካው። መፍትሔው ከኋላ መጀመር ነው፦ «ሬንግዝ»፣ ከዚያ «ትሬንግዝ»፣ ከዚያ «ስትሬንግዝ»። በአንጻሩ የቃል መጨረሻ ላይ ክምሩን መቁረጥ ሰዋስው ያበላሻል፤ «ኮንሴፕትስ» ላይ የመጨረሻዋ «ስ» ካልተሰማች ብዙ ቁጥሩ ጠፋ ማለት ነው።

«ቲሲስ»፣ «ሃይፖተሲስ» እያልን የምንጽፋቸው ቃላት ላይ ያለውን ድምፅ ፊደላችን አይዘውም። የምላስ ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መሐል ትንሽ ወጣ ብሎ አየር ይለቀቃል፤ ምላሱ ከገባ «ስ» ወይም «ት» ይሆናል። በመስታወት ፊት ተለማመዱት፤ ምላሳችሁ ካልታያችሁ ድምፁ አልወጣም።

የምታውቁት ግሪክኛ

ከዚህ በኋላ ያለው በጣም የምወደው ክፍል ነው። የእንግሊዝኛ የላቁ ቃላት ትልቁ ክፍል ከላቲንና ከግሪክ የመጣ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ግሪክኛ አልተማርኩም ይላል እንጂ በስምና በቤተ ክርስቲያን ቃል ብዙውን በየዕለቱ ያነሳዋል።

ቴዎድሮስ የሚለው ስም «የእግዚአብሔር ስጦታ» ማለት ነው፤ «ቴዎ» አምላክ። ከዚህ «ቲኦሎጂ» (ነገረ መለኮት)፣ «ቲኦክረሲ» (በሃይማኖት መሪዎች የሚመራ መንግሥት)፣ «ኤይቲኢስት» (አምላክ የለም ባይ) ይወጣሉ። ጴጥሮስ ዓለት ነው፤ «ፔትሮሊየም» የዓለት ዘይት፣ «ፔትሪፋይ» ወደ ድንጋይ መለወጥ፣ ከዚያም በፍርሃት ማድረቅ። ፊልጶስ «ፈረስ ወዳድ» ማለት ነው። ከመጀመሪያው ግማሽ «ፊላንትሮፒ» (ሰው መውደድ፣ በጎ አድራጎት)፣ ከሁለተኛው «ሂፖፖታመስ» የተባለው ጉማሬ መጣ፤ የወንዝ ፈረስ። «ወንዝ» የሚለውም ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ በምናውቀው በመስጴጦምያ ውስጥ ተቀምጧል። ኒቆዲሞስ ውስጥ «ዴሞ» ሕዝብ ነው፤ «ዲሞግረፊ»፣ «ኤፒዴሚክ»፣ «ፓንዴሚክ» ሁሉ ከእሱ ናቸው።

ኤጲስ ቆጶስን ክፈቱት። «ኤጲ» በላይ፣ «ስቆጶ» ተመልካች፤ ከላይ ሆኖ የሚጠብቅ። «ስኮፕ»፣ «ማይክሮስኮፕ»፣ «ቴሌስኮፕ» የዚህ ወንድሞች ናቸው፤ «ኤፒሴንተር»ም ከፊቱ ያለውን ክፍል ይጋራል። ሲኖዶስ «ሲን» አብሮ፣ «ሆዶስ» መንገድ ነው፤ «ሲንተሲስ»፣ «ሲምፐቲ»፣ «ሲንክረናይዝ» ከመጀመሪያው፣ «ሜተድ» እና «ኤክሰደስ» ከሁለተኛው። ወንጌል መልካም ብሥራት ነው፤ የመጀመሪያው ክፍሉ «መልካም» የሚለው «ዩፈሚዝም» (ክፉን ነገር አለዝቦ መናገር)፣ «ዩሎጂ» (የሟች ውዳሴ) ውስጥ አለ። ጴንጤቆስጤ ሃምሳኛው ቀን ነው፤ «ፔንታጎን» ባለ አምስት ማዕዘን። ቤታችን ያለው ጠረጴዛ ራሱ ግሪክኛ ሲሆን የጂኦሜትሪው «ትራፒዚየም» ዘመዱ ነው።

ሥር መፈለግ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ ጸሐፊ፣ ጽሕፈት፣ መጽሐፍ አንድ ቤት መሆናቸውን ማንም አይነግረንም። ልዩነቱ የኛ ሥር አናባቢውን እየለወጠ መሆኑና የእነሱ በፊትና በኋላ እየቀጠለ መሄዱ ነው። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ሥር ፍቺን ለማስታወስ እንጂ ለመገመት አይሁን። «ዩሎጂ» መልካም ንግግር ስለሆነ ብሎ በሠርግ ላይ ዩሎጂ አቀረብኩ የሚል ሰው ሙሽሮቹን ቀበራቸው ማለት ነው። «ኦቨርሳይት» የሚለው ቃል ደግሞ ቁጥጥር ማለትም፣ ሳያዩ ማለፍ ማለትም ይሆናል፤ የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው። መጀመሪያ መዝገበ ቃላት፣ ቀጥሎ ሥር።

እንዳይረሳ

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳየው መርሳት በጣም የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ማንበብ አይደለም፤ ራስን መጠየቅ ነው። ካርፒኪና ሮዲገር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት የአሜሪካ ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላት ከነእንግሊዝኛ ፍቺያቸው እንዲያጠኑ ተደረገ። ያወቁትን ቃል እንደገና ራሳቸውን እየፈተኑ የቀጠሉት ከሳምንት በኋላ 80 በመቶ ያህሉን አስታወሱ፤ መፈተኑን አቁመው እያነበቡ ብቻ የቀጠሉት ግን ከ40 በመቶ በታች።

ስለዚህ ደብተሩን በካርድ ተኩት። አንድ የኤ4 ወረቀት አራት ቦታ ቁረጡ። ፊት ለፊቱ ላይ ቃሉ የጎደለበት ሙሉ ዓረፍተ ነገርና የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ጻፉ። ጀርባው ላይ ቃሉ፣ ድምፁ በፊደላችን ከተሰመረበት የጫና ክፍል ጋር፣ አብረውት የሚሄዱ ሁለት ቃላት፣ አንድ ዝርያ፣ የአማርኛ ፍች በመጨረሻ። ካርዶቹን በአምስት ኪስ አስቀምጡ፤ ይህ የጀርመኑ ሴባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። አንደኛው ኪስ በየቀኑ፣ ሌሎቹ በየ2፣ በየ4፣ በየ8፣ በየ16 ቀኑ ይታያሉ። የተመለሰ ካርድ ወደ ፊት ያልፋል፤ የተሳሳተ ከየትም ቢሆን ወደ አንደኛው ይመለሳል። በስልክ የሚመርጥ ሰው አንኪ የተባለው መተግበሪያ ቀናቱን ራሱ ያሰላለታል፤ በአንድሮይድ ነፃ ነው። የሌላ ሰው የተዘጋጀ ካርድ ማውረድን ግን አልመክርም፤ ካርዱን መሥራቱ ራሱ የጥናቱ ግማሽ ነው።

በቀን አምስት አዲስ ቃል፣ በሳምንት አምስት ቀን። ስድስተኛው ቀን ለክለሳ፣ ሰባተኛው ለዕረፍት። ሠላሳ ደቂቃ ይበቃል፦ አሥሩ ጮክ ብሎ ለመከለስ፣ አሥሩ አዲስ ካርድ ለመሥራት፣ አሥሩ ከአምስቱ ቃላት ቢያንስ ሦስቱን የያዘ አንቀጽ ስለ ራስ ሙያ ለመጻፍ። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው የክለሳው ቁልል ሲያድግ አዲሱን ሳይቀንስ ስለሚቀጥል ነው። ቁልሉ ከ60 ካርድ ካለፈ ለሁለት ቀን አዲስ ቃል አትጨምሩ።

ተመሳሳይ ቃላትን በአንድ ቀን አታጥኑ። «ትልቅ» የሚሉ አምስት ቃላትን፣ ወይም «ኢምፕላይ» እና «ኢንፈር»ን ጎን ለጎን መያዝ ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ውጤቱ ግን የቱ የቱ እንደነበር መምታታት ነው። አንዱ ሦስተኛው ኪስ ሲደርስ ሌላውን አምጡት፤ ያኔ ማነጻጸሩ ይጠቅማል።

ንባባችሁንም ለኩ። 300 ያህል ቃል ካለው ገጽ ላይ የማታውቁት 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጽሑፉ ለልማድ ንባብ ተስማሚ ነው፤ ከ15 ካለፈ መዝገበ ቃላት ስትገልጡ ሐሳቡ ይጠፋል፣ ሌላ ምረጡ። የጻፋችሁት ጥምረት ትክክል መሆኑን ስትጠራጠሩ የአሜሪካ እንግሊዝኛ የጽሑፍ ክምችት የሆነውን ኮካን ፈትሹ፤ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ቃላት ይዟል። ጥምረታችሁ እዚያ ውስጥ ከሌለ ጣሉት። ድምፁን ለመስማት ደግሞ ዩግሊሽ የተባለው ድረ ገጽ ቃሉ የተነገረበትን የዩቲዩብ ቦታ እየቆረጠ ያሰማል፤ ከአምስት የተለያየ ሰው አፍ አድምጡት።

ሁልጊዜ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፦ የእንግሊዝ ወይስ የአሜሪካ? የምትሄዱበትን ምረጡና በካርዱ ላይ አንዱን ብቻ ጻፉ። «ላብራቶሪ» በአሜሪካ መጀመሪያው ላይ ይጫናል፣ በእንግሊዝ «ለ-ቦ-ረ-ትሪ» ሆኖ ሁለተኛው ላይ፤ የጊዜ ሰሌዳው ቃል በአንዱ «ስኬጁል»፣ በሌላው «ሼድዩል» ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲደባለቁ ግን አድማጩ ሐሳቡን ትቶ ድምፁን መከታተል ይጀምራል፤ ለቃለ መጠይቅ የምትዘጋጁ ከሆነ ካርዶቻችሁን ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ዓይን ደግማችሁ እዩዋቸው።